ከሽርሽር በኋላ ግምገማ አለ

የተከበራችሁ አንባብያን፤ በዓል በመጣ ቁጥር ሕዝቡ ያለ በቂ ጥናት ሲዝናና ማየት፣ እንደ እኔ ኃላፊነት ለሚሰማው ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ሰዉ ደስ ስላለው ብቻ ይስቃል፤ አየሩ ስለተመቸው ብቻ ከቤቱ ይወጣል፤ ሲመሽም ምን ውጤት እንዳመጣ ሳይጠይቅ ይተኛል። እኔ ቤት ግን እንዲህ ያለ ዝርክርክነት ቦታ የለውም። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የክትትልና ግምገማ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ባልደረቦቼ "ጋሽ አስተያየት" ይሉኛል። በአክብሮት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ እኔ ስገባ ጨዋታቸውን የሚያቋርጡትም ለዚሁ ነው።

መዝናኛን በተመለከተ የግል አስተያየቴ ሰፊ ነው። ሲኒማ መልካም ነገር ሆኖ ሳለ፣ ጨለማው ተመልካቹን ለመከታተል ያስቸግራል። የሙዚቃ ድግስ ድምፅ ይበዛበታል። ኮሜዲያን ያስቃል ይባላል፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን ቀልድ አጠገቤ ላለው ሰው ሳብራራ ሁለተኛው ያመልጠኛል፤ ይህ የአቀራረብ ክፍተት ነው። ዥዋዥዌ ላይ ወደ ፊት የተኬደው ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚመለስ አፈጻጸሙ ዜሮ ነው። ሐይቅን በተመለከተ ደግሞ ውሃ ይበዛዋል የሚል የጸና አቋም ነበረኝ።

ስለዚህ በየበዓሉ ባለቤቴን፣ አማቴንና አንዲት ሴት ልጃችንን ይዤ የምወጣው ከተማው መሃል ወዳለው መናፈሻ ነው። አግዳሚ ወንበር አለው፤ ጥላ አለው፤ ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው። ስንመለስ ሳሎን እንቀመጥና የዕለቱን ሽርሽር እንገመግማለን፤ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ ለወደፊቱ ምን ይደረግ። ባለፈው በዓል አማቴን ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጥሏቸው ስለነበር ጉዳዩን በግልጽ አነሳሁት።

"እውነት ነው፤ ተኝቻለሁ" አሉ።

"እማማ፣ እንደ ድክመት ይቀበሉታል?"

"እቀበላለሁ። አሁን ልተኛ?"

እንዲህ ያለ ሂስን የመቀበል ባህል በስንት ቤት ይገኛል።

በዓሉ ባለፈ ማግስት ደግሞ ሦስቱ ሴቶች አንዲት የታመመች ዘመድ ሊጠይቁ ይሄዳሉ። የባለቤቴ የሩቅ ዘመድ ናት፤ ሕመሟ በየበዓሉ ማግስት የሚነሳባት ምስኪን ሴት። እኔ ድካም ስላለብኝ ቤት እቀራለሁ። ቢሆንም ሰው ነኝና፣ ሁልጊዜ ብርቱካን ገዝቼ እልክላታለሁ።

ዘንድሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታለች፤ በዓሉ እንዳለፈ ትሄዳለች። ሻንጣዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል፤ ባለፍኩ ቁጥር እግሬን ይመታኛል፤ ሆዴም ይባባል። እዚያ ሄዳ አባቷን ስታስብ የሚታያት ግምገማ ብቻ እንዳይሆን ፈራሁ። ከእኔ ጋር ሆና ከልቧ የምትደሰትበት አንድ ቀን እንዲኖራት ፈለግሁ። እናም በዋዜማው እራት ላይ ጉሮሮዬን ጠርጌ ታሪካዊ ውሳኔ አሳለፍኩ።

"ነገ ሐይቅ እንሄዳለን" አልኩ። "ጀልባም እንሳፈራለን።"

ሦስት ማንኪያ አየር ላይ ቆመ።

"ሐይቅ?" አለች ባለቤቴ። "መናፈሻው ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነ።"

"ሣሩ እኮ አሁን ነው ያማረው፣ አባዬ" አለች ልጄ።

አማቴ ሳህናቸውን እያዩ፣ "ሐይቅማ ውሃ ይበዛዋል" አሉ።

የራሴን አቋም ከአማቴ አፍ ስሰማ ኮራሁ። የስንት ዓመት ንግግሬ ለካ መሬት ጠብ አላለም። ቢሆንም በውሳኔዬ ጸናሁ።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሦስቱም ከኋላዬ ቀረት አሉ። ቀዛፊው፣ ቦርጩ ከቀበቶው ያለፈ ደንዳና ሰው፣ እኔን አልፎ አማቴን አየና ፊቱ በራ።

"እማማ፣ እንኳን አደረሰዎት። እኔ ነገ ስጠብቃችሁ ዛሬ መጣችሁ?"

አማቴ ሰማይ ላይ ወፍ ይፈልጉ ጀመር።

"ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብህ ይሆናል" አልኩት በትዕግሥት። "እኛ እዚህ መጥተን አናውቅም።"

"እርስዎን አላውቅም፣ ጋሼ። እነሱ ግን የበዓል ማግስት ደንበኞቼ ናቸው።" ወደ ባለቤቴ ዞረ። "እትዬ፣ ብርቱካኑን ዛሬ ረሳችሁት?"

ብርቱካን ሲል፣ የታመመችው ዘመዳችን እዚያው በቆምኩበት ዳነች።

"እኚህ ጋሼስ ማን ናቸው?" አለ ቀዛፊው።

"አባቴ ነው" አለች ልጄ በቀስታ።

"ውይ፣ እኚያ ሩቅ አገር የሚሠሩት? እንኳን በሰላም ገቡ።" እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ተቋማትን ገምግሜአለሁ። ያለ ዕቅድ፣ ያለ ስብሰባ፣ ያለ አንዲት ቃል ብክነት ለዓመታት እንዲህ የተሳካ ሥራ የሠራ ቡድን ግን አልገጠመኝም። ምስጢር አጠባበቁ፣ ቅንጅቱ፣ የተሳታፊዎች ምርጫው ሳይቀር እንከን አይወጣለትም። የብርቱካን አቅርቦቱን ያለማቋረጥ የሸፈንኩት እኔ መሆኔም በበጎ ጎኑ ሊታይ ይገባል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩ።

"ከትንሽነቴ ጀምሮ" አለች ልጄ።

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

አማቴ ወፉን ትተው አዩኝ። "ብንነግርህማ ትመጣ ነበር፣ ልጄ።"

መልሱ ግልጽ ስለነበር ተጨማሪ ማብራሪያ አልጠየቅሁም። ተናደድኩ ብል ውሸት ይሆናል፤ አፈርኩ። ወደ ቤት ልመለስ ዞር ስል ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

"ና ግባ፣ አባዬ። ግን ጀልባው ላይ ዝም ትላለህ።"

"ምንም ሳልል?"

"ምንም።"

ገባሁ። ባለቤቴ መቅዘፊያውን ከሰውየው ተቀብላ ትቀዝፍ ጀመር፤ ቤት ውስጥ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ሲነሳ ወገቤን የምትለዋ ባለቤቴ። አማቴ ዘፈኑ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግጥሙ ጠፋቸውና ስለ ቀዛፊው ቦርጭ ከራሳቸው ጨመሩበት። ሳቅሁ፤ ለማንም ሳላብራራ ሳቅሁ። ውሃ ተረጭቶ ሱሪዬን አራሰው፤ ዝም አልኩ። ልጄ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ "አየህ?" አለችኝ። ድምፅ ሳላሰማ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁላት። ደስ አለኝ። ሌላ ቃል ብፈልግ አላገኝለትም፤ ደስ አለኝ።

ከጀልባው ስንወርድ ልጄ፣ "ከመሄዴ በፊት ነገም እንድገመው፤ አራታችንም" አለች። ባለቤቴ አየችኝ፤ አማቴም አዩኝ። ማንም አልተቃወመም።

ችግሩ የመጣው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ደስታ ሲበዛበት አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይዘፍናል፤ እኔ ስብሰባ ጠራሁ። ለአጭር አስተያየት ያህል ነው ብዬ ሳሎን አስቀመጥኳቸው። ርዕሱ "ዝምታ ለቤተሰብ መዝናኛ ያለው ጉልህ አስተዋጽኦ" የሚል ነበር። ከዝምታ አጠቃላይ ትርጉም ተነስቼ፣ ዝምታ በሥራ ቦታ፣ ዝምታ በትራንስፖርት አገልግሎት እያልኩ ገና ወደ ሐይቁ ሳልደርስ አማቴ ሶፋው ላይ ማንኮራፋት ጀመሩ። ባለቤቴ እሳት ላይ የጣደችው ድስት ትዝ አላትና ወጣች። ልጄ ግን ቀረች። አገጯን በመዳፏ ደግፋ ታየኝ ነበር።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዛሬ ደስ ብሎህ ነበር?"

"እጅግ በጣም" አልኳት። ከልቤ ነበር። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። "ሆኖም እናትሽ ስታዞር ጀልባዋን ወደ ግራ ታዘነብላታለች፤ የእማማ ዘፈንም ሁለተኛው ስንኝ ላይ የዝግጅት ማነስ በግልጽ ታይቶበታል..."

ልጄ ተነሳችና ግንባሬን ሳመችኝ። አልተቆጣችም፤ አሳሳሟ የሚወዱትን ሰው እንደሚስሙት ነበር። ከዚያ ወደ ማድቤት ገባች።

"እማዬ፣ ነገ ሦስት ነን" ስትል ሰማኋት።

እናቷ ለምን ብላ አልጠየቀችም።