ከመኪናው ላይ ክብደት የሚሰርቀው ሙክታር

ክብደት የሚያሳምመው ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ሙክታር ይባላል፤ ሄርማታ ሠፈር ጋራዥ አለው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት መኪና በእጁ ሲሠራ ሦስት ዓመቱ ነው። እያንዳንዱን ብሎን በቡና ሚዛን ይመዝናል። የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማ የሚያደርሰውን የብረት ዘንግ ሳይቀር አውጥቶ በአሉሚኒየም ተክቶታል። ሠፈሩ በሙሉ «ይሰበራል» ብሎ ፈርዶበታል።

ለሙከራ ወደ ሰቃ ልንወጣ ስንል ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ቁርስ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ምነው ሳትነግረኝ?» አለና ቢያንስ ጫማዬን አስወለቀኝ።

በረርን። ሰቃ ልንደርስ ስንል ግን ጭቃማ ዳገት ላይ ጎማዎቹ መሬት አልይዝ ብለው ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር። አንድ ጆንያ ቡና ይዘው መንገድ ዳር መኪና የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ቀረብ አሉና፣

«ልጄ፣ ይቺ እኮ ክብደት ነው ያጣችው» አሉት።

የሙክታር ፊት ጠቆረ። ግን ምን ያድርግ? ጆንያቸውን ከኋላ ጫንን፤ እሳቸውም ላዩ ላይ ተቀመጡ። መኪናዋ ዳገቱን እያጓራች ወጣችው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ዘንጉ ቻለ» አለ ሙክታር፣ ዕንባው እየመጣ።

«ገለቶሚ ልጄ» ብለው አመሰገኑት ሽማግሌው፤ «ነገ ደግሞ ሁለት ጆንያ አለኝ።»