ሐዘንተኛ ካልሆነ በስተቀር

ማስቲካ ሲታኘክ ድምፅ እንዳለው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ያሳወቀችኝ ኤዶ ሖደን ናት።

ኤዶ በሶማሌኛ አክስት ማለት ነው። አክስቴ አይደለችም። እዚህ ሐርጌሳ ትልቅ ሴት ሁሉ ኤዶ ትባላለች። እሷ የአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት። በሩ ላይ ትቀመጥና ከሩቅ ጥግ ማስቲካ የሚያኝከውን ሰው በጆሮዋ ለይታ በጣቷ ትጠራዋለች። አንዱ ደንግጦ ሲውጠው አይቻለሁ። አዘነችለት መሰላችሁ? ሲውጥ ጉሮሮው ድምፅ አሰማ ብላ ተቆጣችው።

መቼም ሐርጌሳ ዛሬ ዝም የሚባልባት ከተማ አይደለችም። ጦርነቱ ጣራ አላስቀረላትምና ሁሉም ጣራ ይመታል። ቆርቆሮ ይደበደባል። ጄኔሬተር ያጓራል። የሚኒባስ ረዳት ይጮኻል። ፍየል የሲሚንቶ ከረጢት ትበላለች፣ ባለሲሚንቶው ፍየሏን ይሰድባል፣ የፍየሏ ባለቤት ደግሞ ባለሲሚንቶውን ይሰድባል። እኔም ከዚሁ ጫጫታ ነው የምኖረው። ለሳኝ ነኝ። ጥይት የበሳውን ግድግዳ እደፍናለሁ። ከድሬዳዋ ስነሳ አንድ ዘመዴ፣ እዚያ ደግሞ ምን ሥራ አለ ብሎኝ ነበር። ግድግዳ ባለበትና ጥይት በነበረበት አገር ለሳኝ ሥራ ያጣል?

ቤተ መጻሕፍቱንም ከለሰኑት አንዱ እኔ ነኝ። ልስኑ ገና ሳይደርቅ ኤዶ ሖደን ቀለምና ብሩሽ ይዛ መጣች። ኧረ ኤዶ ይድረቅ እንጂ ብላት፣ ሕግ ግድግዳ እስኪደርቅ አይጠብቅም አለችኝ። አማርኛ ትችላለች። በስደቱ ጊዜ ጅጅጋ ኖራለች። ትሰባብረዋለች፤ ስትቆጣ ግን አንድም ቃል አይሰበርባትም። እርጥቡ ግድግዳዬ ላይ በሶማሌኛ ጻፈች። መብላት ክልክል ነው። መጠጣት ክልክል ነው። ማውራት ክልክል ነው። ከዚያ ራቅ ብላ አየችውና ተመልሳ "ማንሾካሾክም" ብላ ጨመረች።

አልፈርድባትም። ከጦርነቱ በፊትም ሥራዋ ይኸው ነበር። የድሮው ቤት ከነመጽሐፉ ተቃጠለ። ሰው ሁሉን ካጣ በኋላ ሕግ ብቻ ይዞ ከስደት ቢመለስ ምን ይገርማል?

የከበዳት አው ጃማ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ጢሙን በሂና ያቀላል። ጋዜጣ የሚያነበው ጮክ ብሎ ነው። ሁለት ጓደኞቹ መነጽር የላቸውማ። ኤዶ ሖደን፣ ይህ ሬዲዮ ጣቢያ አይደለም አለችው። አው ጃማ ጋዜጣውን አጠፈና፣ ወሬን ለብቻው የሚውጥ ሰው ሥጋን ለብቻው ከሚበላ በምን ይሻላል ብሎ ጠየቃት። እሷም አስወጣችው። በማግስቱ መጣ፣ ጮክ ብሎ አነበበ፣ አስወጣችው። እንዲህ ሆነው ተግባብተው ይኖሩ ነበር።

እኔንም አንድ ቀን አስወጥታኛለች። ልጄን ሙናን ይዤ፣ አባትሽ የለሰነውን ግድግዳ ነይ እዪ ብዬ ገባሁ። ሙና ገና ሕፃን ናት። አፏ ሁልጊዜ በብስኩት የተሞላ ነው፤ የምታወራውም አፏ ሲሞላ ነው። ወሬዋን ሁሉ "አባ፣ ስማኝማ" ብላ ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትል ከብስኩቱ ለይቶ የሚሰማ የለም፤ ከእኔ በቀር። ግድግዳዬን ገና ሳታይ "አባ፣ ስማኝማ!" አለች። አዳራሹ ባዶና አዲስ ነው፣ ድምፅ ይመልሳል። አዳራሹም ስማኝማ አለ። ደስ አላት። ደገመችው። ኤዶ ሖደን ተነስታ በሩን ከፈተችልን። ሕፃን አይገባም አላልኩም፣ ድምፅ አይገባም ነው ያልኩት አለችኝ። ሙና እየሳቀች ወጣች። ፍርፋሪዋን ኤዶ ሖደን ጠረገች።

ሙናን በዝናቡ ወራት ትኩሳት ያዛት። ሐኪም ቤት ወሰድናት። አልቆየችም።

ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

የምንኖረው መሐመድ ሞጌ ሰፈር ነው፤ አንድ ክፍል ይዘን፣ ግቢውን ከሌሎች ጋር ተጋርተን። ተዕዚያው ላይ፣ ለቅሶው ላይ ማለቴ ነው፣ ሰው ሞላ። አላህ ይስጣቸው፣ አንድም ሐበሻ አልቀረም። የሶማሌ ጎረቤቶቻችንም ድስት ተሸክመው መጡ። ቁርአን ተቀራ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሩዝ ተበላ። ሶብር አድርግ፣ ቻለው ተባልኩ። አላህ ይተካላችሁ ተባልኩ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። መድኃኒቱን ጠዋትም ቀትርም ማታም ሲያጠጡህ ግን ሆድህ ምን ይላል?

ደግሞ አጽናኝ ሁሉ የራሱን ሐዘን ይዞ ነው የሚመጣው። ልጅ ሞታብኝ ተቀምጫለሁ፤ አንዱ ይመጣና እኔ ሁለት ቀብሬያለሁ ይለኛል። ለካ እሱን የሚበልጥ አጠገቡ ተቀምጧል፤ እኔስ ምን ልበል ብሎ ይጀምራል። በመጨረሻ አጽናኙ እኔ ሆኜ አረፍኩት። ሚስቴ ዘሃራ ሰው ሲከባት ይሻላታል። ቤቱ ዝም ካለ ፍራሿን ታያለች። እኔ ግን ዝምታ ፈለግኩ።

ለምን መሰላችሁ? የሙና ድምፅ እየጠፋብኝ ነበር።

ፊቷ አለ። ፎቶ ቤት አስነስተናታል፤ ፈርታ ፊቷን አኮሳትራለች እንጂ እሷው ናት። ድምፅ ግን ፎቶ የለውም። የሐርጌሳ ሰው ባሕር ማዶ ላለ ዘመዱ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ድምፁን ካሴት ላይ ቀድቶ ይልካል። ጎረቤታችን ቴፕ አለው። እኛ የምንልክለት ዘመድ ስለሌለን ማን ልቅዳት ይላል? መጀመሪያ የጠፋኝ ሳቋ ነው። ቀጥሎ እንቅልፍ ሲመጣባት የምታጉረመርመው። የቀረኝ "አባ፣ ስማኝማ" ብቻ ነበር፤ እሱም በመዶሻና በጄኔሬተር መሀል ቀን በቀን እየሳሳ ሄደ።

በከተማው ሁሉ ዝም ያለ ቤት የማውቀው አንድ ነው። ራሴ የለሰንኩት።

ከሥራ መልስ መሄድ ጀመርኩ። ዘሃራ ከሰው መሀል ጥለኸኝ የት ነው የምትጠፋው ትለኛለች። ላነብ ነው ስላት አየችኝ። ጎረቤቶች ጫት ጀመረ አሉ። አነባለሁ ብላቸው ይሻላቸው ይሆን? እንጃ። መጽሐፍማ ይዣለሁ። መጽሐፎቹ ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጡ ናቸው፤ ማን እንደመረጣቸው አላህ ይወቅ። እኔ የያዝኩት በረዶ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተቱ የሚያስተምር ነው። የመረጥኩት ማንም ስለማይፈልገው ነው። ሐርጌሳ ውስጥ ያ መጽሐፍ ለማን ይጠቅማል? አንድ ገጽ እከፍታለሁ። ነጭ ተራራ አለበት። ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ ጆሮዬን ወደ ውስጥ እመልሳለሁ። አንዳንዴ ትመጣለች። ቀስ ብላ፣ ከሩቅ። አባ፣ ስማኝማ። ከዚያ ወዲያ ያለው አይመጣም። ቢሆንም ይበቃኝ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። ያነቀዘው ደግነት ነው።

ኤዶ ሖደን አንድ ቀን አጠገቤ ቆመች። ገጽ አትገልጥም አለችኝ። ያቺ ባለብስኩቷ ልጅህስ ደህና ናት አለችኝ። ነገርኳት።

ኤዶ ሖደን ቁጭ አለች። ሥራ ላይ ቁጭ ብላ ያየኋት የዚያን ቀን ነው፤ ከወንበሯ ውጪ ማለቴ ነው። ያቺ ያስወጣኋት? አለች። አዎ አልኩ። ኢና ሊላሂ አለች፣ ተነስታም ሄደች። በማግስቱ ፔርሙስ ሻሂ፣ የግመል ወተትና በጨርቅ የተጠቀለለ ለሖሕ ይዛ መጣች፤ ለሖሕ ቀጭኑ የሶማሌ እንጀራ ነው። ሁሉንም የበረዶው መጽሐፍ ላይ አስቀመጠች።

"ብላ" አለችኝ።

"ኤዶ፣ ክልክል ነው እኮ። ግድግዳው ላይ ተጽፏል።"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ዋላል። ብላ። ሐዘንተኛ ፊት ባዶ ጠረጴዛ አላስቀምጥም።"

ዋላል ማለት ወንድሜ ማለት ነው። በላሁ። ለሖሕ ድምፅ የለውም። ሻሂው ግን ትኩስ ነው፤ ፉት ሳይሉት አይጠጣም። ፉት አልኩት። አዳራሹ በሙሉ ቀና አለ።

አው ጃማ ጋዜጣውን አስቀመጠ። ለሐበሻው የተፈቀደ ለእኔ ምነው ተከለከለ አለ። ልጁ ሞታበት ነው አለችው። አው ጃማ ጢሙን ዳሰሰና፣ ሖደን፣ የእኔ ልጆች የት ያሉ መሰለሽ አላት። የት እንዳሉ ታውቃለች። ከተማው ሁሉ ያውቃል። አውሮፕላኑ ቤታቸውን ሲመታ እሱ መስጊድ ነበር።

ቀለምና ብሩሽ አመጣች። ከሕጉ በታች "ሐዘንተኛ ካልሆነ በስተቀር" ብላ ጻፈች።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። በሐርጌሳ ከተማ ሐዘንተኛ ያልሆነ ማን አለ?

በማግስቱ ሁሉም ፔርሙስ ይዞ መጣ። ኤዶ ሖደን በር ላይ ቆማ ማንን ትመልስ? ሞተብኝ የሚልን ሰው ማስረጃ አምጣ ትበለው? አንድ ባላገር በድርቅ የሞተበት ግመሉ እንደሆነ ነግሯት፣ ግመል ሐዘን ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነሳ። አው ጃማ ፈረደ። ሐዘን ነው አለ። ሰውየው ገብቶ ሳምቡሳውን በላ። አንዲት ተማሪ ብቻ ስደት ላይ የተወለደች፣ ማንም ያልሞተባት፣ በረሃብ አንገቷን ደፍታ ታነባለች። ሁሉም አዘነላት። ምስኪን፣ እስቲ ደህና አድርገሽ አስቢ አሏት። አው ጃማ፣ ያላየሽው አያትሽስ ሲላት ፊቷ በራ። ተምርም ተሰጣት።

ምግብ ካለ ደግሞ ወሬ አለ። እየበላ ሰው ስለ ማን ያወራል? ስለሞተበት። ይህን ለሖሕ እህቴ ነበረች የምትጋግረው ይላል አንዱ። ወንድሜ ሻሂ የሚወደው ስኳሩ በዝቶ ነው ይላል ሌላው። አው ጃማም ጋዜጣውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ማን ይከልክለው? ወደ እኔም ይዞራሉ። አንተ ሐበሻ፣ ሶብር አድርግ። አላህ ይተካልህ። እኔ ግን እንደ አንተ አንድ ብቻ አይደለም የቀበርኩት።

አያችሁ? ከተዕዚያ ሸሽቼ ተዕዚያውን ቤተ መጻሕፍት አስገባሁት። ሙናም ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ነጩን ተራራ አፍጥጬ አያለሁ። የምሰማው ማላመጥና ማላዘን ነው። ዝም በሉ እንዳልል፣ ሰው የሞተበትን እያነሳ ጉርሻውን ሲውጥ በምን አፌ? ኤዶ ሖደንስ? ለእኔ ብላ ሕጓን አፍርሳለች፤ መልሰሽ ገንቢው እንዴት ይባላል? ስለዚህ የሰጡኝን እበላለሁ።

እንዲህ እያለ አንድ ቀን አንድ ሰው ልጁን ይዞ ገባ። የሙና እኩያ ናት። ከኋላዬ ተቀመጡ። ብስኩት ሰጣት፣ ልጅቱም ማውራት ጀመረች። ቋንቋዋ ሶማሌኛ ነው። ግን ብስኩት የሞላው አፍ በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው። ቃሉ እየረጠበ፣ ፍርፋሪው እየተረጨ፣ ትንፋሿ እየተቆረጠ፣ ደግሞ እየተቻኮለች።

ሙና መጣች።

ከሩቅ አይደለም። እዚሁ፣ ጆሮዬ ሥር። አባ፣ ስማኝማ! ሳቋም አብሮ መጣ፤ ያ የጠፋኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ሞኝ በዝምታ ውስጥ ነው የምፈልጋት። ሙና መቼ ዝም ብላ ታውቃለች? እሷ ያለችው ጫጫታው ውስጥ ነው፣ ብስኩቱ ውስጥ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እንባዬ ወረደ፣ ተውኩት። አሁን ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ልትነግረኝ ነው። ከስማኝማ በኋላ ያለውን። ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት።

ኤዶ ሖደን ጠረጴዛውን በማስመሪያ መታችው።

"ዝም በሉ!" አለች። "አታፍሩም? ሰውየው ሐዘን ላይ ነው! እያለቀሰ ነው!"

አዳራሹ ጸጥ አለ። አው ጃማ ጋዜጣውን አጠፈ። የሚያላምጥ ማላመጡን ተወ። አባትየው የልጁን አፍ በመዳፉ ከደነ። እንዲያ ያለ ዝምታ በሐርጌሳ ሰምቼ አላውቅም። መዶሻው እንኳ የቆመ መሰለኝ።

ጠበቅኩ። ምንም የለም።

ኤዶ ሖደን እግሯን ሳታሰማ መጣች። ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ በራሷ ሕግ ክልክል በሆነው ሹክሹክታ፣ "አሁን ይሻልሃል፣ ዋላል?" አለችኝ።

ምን ልበላት? አላህ ይስጥልኝ፣ ኤዶ አልኳት። ሻሂ ቀዳችልኝ። ሁሉም ለእኔ ብሎ ትንፋሹን ይዞ ያየኛል። እኔም እስኪበርድ ጠብቄ፣ ድምፅ ሳላሰማ ጠጣሁት።