የአየርላንድ ጥርስና የእድራችን ደንብ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የጥርስ ሕመም ለአገር ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? አይጠቅምም ካላችሁ እኛ ሰፈር መጥታችሁ አታውቁም ማለት ነው።

እኛ ሰፈር ያልኳችሁ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ ነው። ስድስት ቤትና አንድ የውሃ ቧንቧ ያለው ግቢ። ከውጭ ስታዩት ዘንበል ብሏል፤ እኛ ግን ቀጥ ብለን ነው የምንኖርበት። ለምን አንኮራ? የአየርላንድን ሕዝብ ጥርስ የምናስተዳድረው እኛ ነን!

አትሳቁ። ሰብለ የምትባል ልጅ አለችን፤ የእማማ ጥሩነሽ ልጅ። የቀጠራት አየርላንድ ያለ የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። የምትሠራው ግን እዚሁ እናቷ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። ኮምፒውተሯን ትከፍታለች፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፣ አለቀ፤ ቢሮ ገባች። እዚያ ማዶ አንዱ መንጋጋውን ይዞ እየጮኸ ይደውላል። እሷ በእንግሊዝኛ አባብላ፣ አይዞዎት፣ ሐሙስ ይምጡ ትለዋለች። ሰውዬው ሐሙስ ሄዶ ጥርሱን ይነቀላል። ሐሙስን የሰጠችው የጊዮርጊስ ልጅ መሆኗን መች ያውቃል?

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱም አጥሩን ልጠግን። ኢኮኖሚ የሚሉት ነገር ግን በደንብ ገብቶኛል። ቡናን ተመልከቱ። ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ በጆንያ ይታሰራል፣ እስከ ጅቡቲ በመኪና ይንገላታል፣ ከዚያ ደግሞ መርከብ። ያ ሁሉ ልፋት ዶላር ለማምጣት ነው። ሰብለ የምትልከው ድምጿን ነው። ድምፅ ጆንያ አይፈልግም። ኬላ ላይ አይፈተሽም። መንገድ ላይ ጎማ አይፈነዳበትም። ደመወዟ ቸርችል ጎዳና ባለው ባንክ ይገባል፤ ዶላሩን አገር ይወስዳል፣ ብሩን ሰብለ። በብሯ የእናቷን ጣሪያ ቆርቆሮ አስቀየረች። ቆርቆሮውን የመታው አናጢ ለሚስቱ ጫማ ገዛ። ጫማ ሻጩ ደስ ብሎት ማኪያቶ ጠጣ፤ ያውም ሁለት። አያችሁ? አየርላንድ ውስጥ አንድ ሕፃን ከረሜላ ሲያበዛ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ይቀዳል። ይህንን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?

ታዲያ ይቺን የአገር ምሰሶ እድራችን ሊቀጣት ተነሳ። እሷን እንኳ አይደለም፤ እናቷን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ሰፈሩን እየዞርኩ የምለፍፈው እኔ ነኝ። ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ ጊዮርጊስ ሆኜ ስነፋ አምስት ኪሎ ያለ ሰው ነጠላውን ያዘቀዝቃል። ደንባችን ከየቤቱ አንድ ሰው ቀብር ላይ ይገኝ ይላል። ሥራ ላይ የነበረ ከመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያመጣል። ያለ ምክንያት ሦስት ጊዜ የቀረ ቤት ይሰረዛል። እማማ ጥሩነሽን ጉልበታቸው ከያዛቸው ቆይቷል፤ ቀብር የምትሄድላቸው ሰብለ ናት። ቀብር ደግሞ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። የአየርላንድ የጥርስ ሕመም የሚነሳውስ? ልክ ያኔ! እኛ ምሳ ስናቀርብ እነሱ ገና ቢሮ ይከፍታሉ። ሰብለ አንዴ ቀረች፣ ሁለቴ ቀረች፣ ሦስቴ ቀረች።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበራችን ጋሽ በርጋ ናቸው፤ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ሰው አይበድሉም፤ ደንብ ሲነካ ግን ዓይናቸው ይቀላል። መዝገቡን ገልጠው ሦስቱንም ቀን አነበቡ። ሰብለ ተነስታ ሥራ ላይ ነበርኩ አለች። የት? ቤት።

"ቤት!" አሉ ጋሽ በርጋ። "የኔ ልጅ፣ ሥራ እኮ የሚኬድበት ነገር ነው። ወጥተሽ፣ ተጋፍተሽ፣ ደክሞሽ ካልተመለስሽ ምኑን ሥራ ሆነ? እኔ ራሴ ሬሳውን ይዘን ስናልፍ በመስኮት አይቼሻለሁ። ስትስቂ!"

የታመመ ሰው እያባበልኩ ነው ብትል ማን ይስማት? አንዲት ሴትዮ ከኋላ ሆነው፣ ቤት መዋል ሥራ ከሆነማ እኛም ሚኒስትር ነን አሉ። ሰው ሳቀ። እማማ ጥሩነሽ ግን አልሳቁም።

"ጋሽ በርጋ፣" አሉ፣ "ስንቱን አልቅሼ ቀበርኩ። የእርስዎን እናት ሳይቀር። እኔ ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ ልጣ? ይሄ ሰውዬ ጥሩንባውን ሳይነፋልኝ እንደ ባዕድ ልሂድ?"

ይሄ ሰውዬ ያሉት እኔን ነው። ቀልደኛ ነኝ፤ ያን ቀን ቀልዱ ጠፋኝ። ቢሰረዙም እነፋለሁ አልኩ። ጋሽ በርጋ፣ አንተ ቧልተኛ ቁጭ በል አሉኝ። እሳቸውም ግን ልባቸው ራራ መሰለኝ፣ ሁለት ሳምንት ሰጡ። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይምጣ፤ ማኅተሙም ክብ ይሁን።

ሰብለ ለሐኪም ቤቱ ጻፈች። ደብዳቤው በማግስቱ በኢሜይል መጣ፤ ፊርማ አለው፣ ማኅተም የለውም። መልሳ ጻፈች። እነሱ ደግሞ፣ ማኅተም የለንም፣ ሁሉን የምንሠራው በፊርማ ነው አሏት። እስቲ አስቡት፣ ማኅተም የሌለው መሥሪያ ቤት! ማን እንደሚያምናቸው እንጃ። ሰብለ ሦስተኛ ጊዜ ጻፈች፤ ማኅተሙ ካልመጣ እናቴ ስትሞት የሚቀብራት የለም ብላ። ይሄን ጊዜ ደነገጡ። ቢሮውን በሙሉ ገለባበጡት። አገኙም።

ያገኙት ምን መሰላችሁ? ሕፃናት ሳያለቅሱ ከታከሙ ጎበዝ ተብለው ካርዳቸው ላይ የሚመታላቸው ማኅተም። ክብ ነው። ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው። መሐሉ ላይ ዓይንና አፍ ያለው አንድ ትልቅ ጥርስ ይስቃል።

ሰብለ ወረቀቱን አሳትማ አሳየችኝ። አለቀልን አለችኝ። ዝም በይ፣ ክብ ነው አልኳት።

እሑድ ጋሽ በርጋ መነጽራቸውን አደረጉ። ደብዳቤውን አቀረቡት፣ አራቁት፣ ወደ ፀሐይ አነሱት። እማማ ጥሩነሽ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰዋል። ጋሽ በርጋ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ማኅተም ግን ያነባሉ። ጣታቸውን በዙሪያው አዞሩ።

"ክብ ነው" አሉ። "አልደበዘዘም።" ቆዩና ደግሞ፣ "ይሄ መሐሉ ያለው ነገር... ይስቃል?"

"የመሥሪያ ቤቱ አርማ ነው ጋሼ" አለች ሰብለ።

"የጥርስ መሥሪያ ቤት አይደል? ታዲያ ምን ይሁን፣ አንበሳ?" አሉና ወደ ጉባኤው ዞሩ። "ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች!"

እልልታው ቀለጠ። እማማ ጥሩነሽ ጋሽ በርጋን አገላብጠው ሳሟቸው። አሁን ብሞት አይቆጨኝም አሉ። ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ጥሩንባዬ ጥገና ላይ ናት አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ እድራችን ሠልጥኗል። ቤት ሆኖ ለውጭ አገር የሚሠራ አባል እንደ ሠራተኛ ይቆጠራል የሚል አንቀጽ ደንባችን ውስጥ ገብቷል። በከተማው እንዲህ ብሎ የጻፈ ሌላ እድር ካለ አምጡልኝ! ጋሽ በርጋማ ባልዲ ሊገዛ ለገባ ሰው ሁሉ፣ እድራቸው ከአየርላንድ ጋር እንደሚጻጻፍ ሳይነግሩ አይሸኙም።

ባለፈው ታዲያ የራሱን ቤት ይዞ የእድሩ አባል የሆነው የገዛ ልጃቸው ከቀብር ቀረ። ሰብለን አይቶ ቤቱ ሆኖ ለአንድ የጀርመን ድርጅት የሕንፃ ንድፍ መሥራት ጀምሯል። ደብዳቤውን ይዞ ደረቱን ነፍቶ መጣ። ጀርመኖቹ ማኅተም ያውቁበታል፤ ክብ ነው፣ ዙሪያውን ጽሑፍ አለው፣ መሐሉ ላይ ግንብ ቆሟል። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ማኅተም አላየሁም። ጋሽ በርጋ መነጽራቸውን አድርገው ፊቱንም ጀርባውንም አዩት። ልጄ ነው ብለው አላዳሉም። ወረቀቱን መለሱለት።

"ቤት ሆኖ ለሚሠራ ሰው ይሄ አይሆንም" አሉት። "ጥርሱ የታለ?"