የጋሽ ዋቅቶላ ቁልቋልና የእኔ ተልባ

በዚህ ከተማ የሚፈራ ሰው የሌለው ሰፈር የለም። አንዱ ሰፈር ተናካሽ ውሻ ያለውን ሰው ይፈራል፤ ሌላው ነገር የማትረሳ ጎረቤት ይፈራል። እኛ ፉሪዎች የምንፈራው ግን ስጦታ የሰጠንን ሰው ነው! እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየሰፈሩ አለ። ችግኝ በነጻ ያሸክማችኋል፤ «ኧረ እግዜር ይስጥልን!» ትላላችሁ፤ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ሊጠይቅ ይመጣል። እናንተን አይደለም፣ ችግኙን። ያኔ ነው የሚገባችሁ፤ ለካ አልሰጣችሁም፣ እናንተ ጋ አስቀመጠው እንጂ።

የእኛው ክቡር ጋሽ ዋቅቶላ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የተሳቢ ሾፌር፣ የእሾህ ደጃዝማች፣ የፉሪና የአካባቢዋ ቁልቋሎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል። ሌላው ሾፌር ከአዋሽ ሽንኩርት፣ ከሞያሌ ምንጣፍ ጭኖ ሲገባ፣ እሳቸው ከወንበራቸው ጀርባ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቁልቋል ይዘው ይገቡ ነበር። ዛሬ ግቢያቸው ውስጥ እግር ማሳረፊያ የለም። በቀለም ባልዲ፣ በተቆረጠ ጀሪካን፣ በአሮጌ ጎማ፣ በወተት ጣሳ ሞልቷል፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለው፣ እንደ ኳስ የተድቦለቦለው፣ እንደ ሽማግሌ ነጭ ጸጉር ያበቀለው። ሁሉም በመጣበት ከተማ ስም ይጠራል። «ሞያሌ ይሄ ነው። አዋሽ እዚያ ጋ ናት። ወዲህ በይ፣ ዝዋይ ይወጋሻል!» ለጥየቃ ገብቶ ሳይወጋ የወጣ ሰው አላውቅም።

ጋሽ ዋቅቶላ ቁልቋል አይገዙም፣ አይሰርቁም፤ «ያገኛሉ»። አንድ ጊዜ ጀሞ ለቅሶ ልንደርስ አብረን ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሳለ የእሳቸው ዓይን ደረጃው ሥር ያለ ማሰሮ ላይ ተተክሏል። ስንወጣ የኮታቸው ኪስ አብጧል። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ከማለታቸው «ዋይ!» ብለው ብድግ አሉ። ወያላው ሐዘን የጸናባቸው መስሎት «አይዞዎት አባባ፣ ሁላችንም ሟች ነን» አላቸው። «አሜን ልጄ» አሉ፣ ጎናቸውን እያሻሹ።

በእኛ ሰፈር ሴት ስትወልድ ሌላው የሕፃን ልብስ ወይ ሳሙና ይዞ ይመጣል። ጋሽ ዋቅቶላ በወተት ጣሳ የተተከለች፣ አውራ ጣት የምታክል ቁልቋል ይዘው ይመጣሉ። ጣሳው ላይ በቀይ የዘይት ቀለም የልጁ ስም፣ ከሥሩ የተወለደበት ቀን፤ ልክ እንደ መኪና ታርጋ። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት፣ ፉሪ ታክሲ በማይገባበት ዘመን፣ ልጄን ቤተልሄምን ስገላገል ለእኔም መጣልኝ። «እንኳን ጌታ ማረሽ» አሉኝ፤ ትንፋሽ ሳይወስዱ ደግሞ «ውሃ ገዳይ ነው! በክረምት ጠብታ እንዳይነካው» አሉኝ። ከሁለቱ የትኛውን ጮክ ብለው እንዳሉት አትጠይቁኝ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በሬ ይንኳኳል። በእጅ አይደለም። የዛሬ አሥር ዓመት በተሸጠ መኪና ቁልፍ፣ የቆርቆሮ በሩ ላይ፣ ሦስት ጊዜ። ቃ! ቃ! ቃ! ያን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይርዳል። ሰላምታቸው «አሳዪኝ እስቲ» ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ግንዱን ከሥሩ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል። ጠንካራ ከሆነ «እምም» ይላሉ፤ ይኼ ምስጋና ነው። ለስለስ ካለ ግን ቀስ ብለው ቀና ይሉና በመርማሪ ድምፅ፣ «ማነው ያጠጣው?»

ይህቺ ጥያቄ ስንቱን አንቀጥቅጣለች! ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ሸዋረገድ የልጇ የሚሳኤል ቁልቋል ሲሞትባት፣ ደንግጣ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ቁርጥ እሱን የሚመስል ገዝታ ጣሳው ውስጥ ተከለች። ጋሽ ዋቅቶላ አንዴ አዩትና «የሚሳኤል ክንዱ በግራ ነበር። ይሄ ማነው?» አሏት። ሸዋረገድ እስከ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ትሄዳለች፤ የምትገዛው ኖረም አልኖረም። መሐሙድ ደግሞ አለ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ሱቅ ያለው፣ ደንብ አስከባሪ እንኳ የማይፈራ ጎልማሳ። ለልጁ ለሲሃም ጣሳ ከደረሳት ወዲህ፣ እሳቸው ብቅ ሲሉ የሚጠጣውን የታሸገ ውሃ ከባንኮኒው ሥር ይሸጉጣል።

«ምን ነካህ፣ አንተ እኮ ቁልቋል አይደለህም!» ስለው፣

«እሱን ለሳቸው ንገሪልኝ» አለኝ።

ዘንድሮ ግን ፍርሃቴ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም።

ሐምሌ ሲገባ ቤተልሄም የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ መጣች፤ ባሏ ኤልዳድ ሻንጣዋን ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ። እኔም በደስታ ሰክሬ ተልባ ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ በጠበጥኩ። ምጥ ያቀላል ይባላል፤ ጠዋት ጠዋት በትልቅ ኩባያ እሰጣታለሁ። ግማሹን ትጠጣለች፣ ግማሹን «እማዬ፣ ተዝለገለገብኝ፣ በቃኝ» ብላ ትመልሰዋለች። ተልባ ይደፋል እንዴ? ዓይኔ በረንዳው ላይ ወደቆመው ቁልቋል ሄደ። ሃያ አምስት ዓመት ሆኖት ቁመቱ እኔን አልፏል። ጣሳው ወደ ባልዲ ከተለወጠ ቆይቷል፤ ባልዲው ላይ ግን አሁንም «ቤተልሄም» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ። «አንቺም በርቺ» አልኩና የተረፈውን ከሥሩ አፈሰስኩለት። የተከለከለው ውሃ ነዋ! ስለ ተልባ ማን ምን አለ? ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ተንከባከብኩት።

ከዚያ አንድ ዓርብ ቀን ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። ጠዋት ሐኪሙ ሕፃኑ እንዳልዞረ፣ በመቀመጫው እንደመጣ ነገረንና ለሐሙስ ኦፕራሲዮን ቀጠረን። ከሰዓት በረንዳውን ስጠርግ መጥረጊያው ቁልቋሉን ነካ አደረገው፤ ቁልቋሉ ዘመም አለ። ከሥሩ ዳሰስኩት። ጣቴ ገባ።

እኔ ጌታን የማምን ሴት ነኝ። በቁልቋል አላምንም። ይህን ለራሴ ወጥ ሳማስል ነገርኩት፣ ስጸልይ ነገርኩት፣ ጸሎቱ መሃል ላይም አቋርጬ ነገርኩት። ጣቴ ግን አልሰማኝም። «ቤተልሄም» ከተባለው ነገር ውስጥ የበሰለ ሙዝ የሚወጋ ይመስል የገባው እሱ ነዋ! ለልጄ አልተነፈስኩም። ለኤልዳድም አልነገርኩትም። ባልዲውን በፎጣ ሸፍኜ፣ ግንዱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አደርኩ።

በማግስቱ ደግሞ ምን ቀን ነው? የነሐሴ የመጀመሪያ ቅዳሜ!

ቃ! ቃ! ቃ!

«አሳዪኝ እስቲ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብዎት፣ ብርዱ...»

ፎጣውን አነሡት። በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉ። «እምም» አላሉም። ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ፤ አሸተቱ፤ ደገሙና አሸተቱ።

«የቤቲ እናት።»

«አቤት ጋሼ።»

«ተልባ ተልባ ይላል።»

ማነው ያጠጣው እስኪሉኝ አልጠበቅሁም። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ኩባያውን፣ ሦስቱን ሳምንት፣ ሐኪሙን፣ ሐሙስን። «ጋሼ፣ ልጄ ሐሙስ ቢላ ሥር ልትገባ ነው!» አልኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም፤ ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው። ባልዲውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ መሬቱን አዩ።

«መቆረጥ አለበት» አሉ። «ዛሬውኑ።»

«በጭራሽ! ከሐሙስ በፊት ቢላ አይነካውም!»

«ብስባሹ ሐሙስን አይጠብቅልሽም። ወደ ላይ እየወጣ ነው። ወገቡን ካለፈ እኔም አልመልሰውም።»

በመስኮቱ ቤተልሄም ትታየኛለች፤ ሆዷን አቅፋ፣ በጎኗ ተኝታ። ዶክተሩም እኮ ያለን ይህንኑ ነው፤ መጠበቁ ነው የሚያስፈራው ብሎናል። «ይቁረጡት» አልኩ። ያልኩት እኔ መሆኔን የማውቀው ሌላ ሰው አጠገባችን ስላልነበረ ብቻ ነው።

ከካፖርታቸው ቢላና ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው በረንዳውን ሞላው።

«ጋሼ! እኛ ቤት አረቄ?!»

«ለቢላው ነው። ቢላው ጴንጤ አይደለም።»

ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብለው ቆረጡ። መሃሉ ቡናማ ነው። ቢላውን በአረቄ ጠረጉ፣ ከፍ ብለው ቆረጡ። አሁንም ቡናማ። ጠረጉ፣ ቆረጡ። እኔ እቆጥራለሁ። አራተኛው ላይ እጃቸውን አየሁት። ያ ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳቢ የያዘ እጅ ይንቀጠቀጣል! ዓይኔን ጨፈንኩ። አምስት። ስድስት።

«ንጹህ» አሉ።

ስገልጥ፣ ቁራጩ እንደ ኪያር ነጭ አረንጓዴ ነው፤ አንድ ነጥብ የለበትም። አመድ አስመጥተው ቁስሉ ላይ ነሰነሱ፣ ጥላ ውስጥ ጋዜጣ ላይ አጋደሙት። «ቁስሉ እስኪደርቅ አፈር የለም፣ ውሃ የለም። የዛሬ ሳምንት መጥቼ አየዋለሁ።» በሩ ጋ ደርሰው ዞሩ። «ተልባም የለም!»

ሐሙስ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ኤልዳድ ይጸልያል። እኔ ጸሎት ጠፋብኝ። የሚታየኝ ቢላ ሲጠረግ ነው፤ ሲቆርጥ፤ ሲጠረግ። አንድ፣ ሁለት እያልኩ ስንት ስድስት እንደቆጠርኩ አላውቅም። በሩ ተከፈተ።

«ሴት ናት» አለች ነርሷ። «እናትም ልጅም ደህና ናቸው።»

ከአፌ የወጣው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? እልልታ አይደለም። «ንጹህ?» አልኳት።

«አዎ እማማ» አለችኝ ግራ ገብቷት፣ «አጥበናታል።»

ቅዳሜ ጠዋት አራስና ሕፃን ይዘን ፉሪ ገባን። ሕፃኗን አቅፌ ጆሮዬን በር ላይ ጣልኩ። አራት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሰዓት ሆነ። የሚያንኳኳ የለም። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም። ሃያ አምስት ዓመት ያ በር ሲንኳኳ የራድኩ ሴት፣ አሁን ባለመንኳኳቱ ፈራሁ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሕፃኗን ለኤልዳድ አስታቅፌ፣ ነጠላዬን ደርቤ፣ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ዝናብ ሮጥኩ።

በራቸው ገርበብ ብሏል። እየተጣራሁ ገባሁ። ሞያሌን አለፍኩ፣ አዋሽን አለፍኩ፣ ዝዋይ ቀሚሴን ያዘኝ፣ ቀድጄው አለፍኩ። እንግዳ ገብቶበት በማያውቀው ከቤቱ ኋላ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው ላይ ጣሳ ብቻ። «ሚሳኤል» ይላል አንዱ፤ ክንዱ በግራ ነው። «ሲሃም» ይላል ሌላው። ሰፈሩ ሃያ አምስት ዓመት የወለደው ልጅ ሁሉ በቀይ ቀለም ተጽፎ ተደርድሯል። ዳር ላይ፣ መሬት ላይ፣ ከእኔ የሚበልጥ፣ ጠብደል ያለ፣ ጭረት የሌለበት ቁልቋል ቆሟል። ባልዲው ላይ «ቤተልሄም» ይላል።

«ጋሼ!»

ክው አሉ። ዞረው ግን አላዩኝም።

«ንገሪኝ» አሉ። ድምፃቸውን አላወቅሁትም።

«ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ትከሻቸው እንደተራገፈ ጭነት ዝቅ አለ።

«ለምን አልመጡም ታዲያ? ስልክስ?»

«መጥቻለሁ። በርሽ ድረስ። ቁልፉን አነሣሁ...» ኪሳቸውን ዳሰሱ። «ምን ፊት ይዘሽ እንደምትከፍቺልኝ ፈርቼ ተመለስኩ።»

ፈርቼ! ይህቺን ቃል ከጋሽ ዋቅቶላ አፍ የሰማሁ የፉሪ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

«ይሄስ ሁሉ ምንድነው?» አልኩ ጣሳዎቹን እያየሁ።

«ስኮርታ ነዋ! ትርፍ ጎማ ሳይዝ ሞያሌ የሚወጣ ሾፌር አይተሻል? ሁለት ሁለት ነው የምተክለው። አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ እዚህ ይቀመጣል።»

ያን ጊዜ ንዴት መጣብኝ። «እኔ እንዲያ ስሆን፣ እኔ ለሞት ስደርስ፣ ሌላዋ ቤተልሄም እዚህ ደህና ቆማ ነበር? ለምን አልነገሩኝም?»

ዞረው አዩኝ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ብነግርሽማ» አሉ፣ «ለእሷም ተልባ ይዘሽ ትመጪ ነበር።»

ከዚያ ብሩሻቸውን አነሡ። ሁለት ጣሳ አስቀድመው ተክለው አዘጋጅተዋል። «ማን አላችኋት?» «ገና ነው።» «እንግዲያው ቀኑን ልጻፍ» ብለው ሁለቱም ላይ የሐሙስን ቀን ጻፉ፤ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። አንዱን እኔ በነጠላዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ፣ ሁለት ቦታ ወግቶኛል።

የተቆረጠችው ቤተልሄም ቁስሏ ደርቆ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቆማለች፤ የእኔን ትከሻ ነው አሁን የምታክለው። የመስከረም የመጀመሪያ ቅዳሜ በጠዋት ተነሥቼ ኩባያ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ተልባ፣ ያለውን ሁሉ ደበቅሁና በሩ ሥር ቆምኩ።

ቃ! ቃ! ቃ!

ሆዴ እንደ ልማዱ ራደ። «ተመስገን» አልኩና ከፈትኩላቸው።