ሊቀ ጠያቂያንና የሚሰረዘው ኮርስ

ያለ ጠያቂ የቆመ ኮሌጅ የለም። ሰብሳቢው «እንግዲህ ተስማምተናል» ሊል አፉን ሲከፍት እጃቸውን የሚያነሱ አንድ ሰው በየትምህርት ክፍሉ አሉ። ሌላው ቤት ምን እንደሚሏቸው አላውቅም፤ እኛ ግን «ሊቀ ጠያቂያን» ብለን ሾመናቸዋል። ሹመታቸውን ያውቃሉ። በዕድሜያቸው ያልተቃወሙት ውሳኔ ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

ሊቀ ጠያቂያን ጂኦሜትሪ ያስተምራሉ። ኮታቸው ከክንዱ እስከ ኪሱ ጠመኔ የነካው ነው። ንግግራቸውን የሚጀምሩት «አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ» ብለው ነው። ያቺ ትንሽ ጥያቄ ከገባች ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ምሳ ይረሳል፣ ቃለ ጉባኤ ያዧ ብዕሯን አስቀምጣ ከጠረጴዛው ሥር ጫማዋን ታወልቃለች። አዲስ ኮርስ ይከፈት ሲባል «ማን ያስተምረዋል?» ይላሉ። አስተማሪ አለ ሲባል «የት ክፍል?»፣ ክፍል ሲገኝ «ወንበር አለው?»። ወንበር መኖሩ ከተረጋገጠ ደግሞ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው «ለማንኛውም ይቆየን» ይላሉ።

መቼም እውነቱን ለመናገር ጥያቄያቸው ሁሉ ከንቱ አልነበረም። አንድ ዓመት ኮሚቴያችን ሁለት አዳዲስ ኮርሶች በኩራት አቀረበ። አንደኛውን ለመውሰድ ሁለተኛውን ማለፍ ግዴታ ነበር፤ ሁለተኛውን ለመውሰድ ደግሞ አንደኛውን። ሦስት ዶክተሮች አይተውት አንዳቸውም ልብ አላሉትም።

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ» አሉ ሊቀ ጠያቂያን። «ተማሪው በየት በኩል ይግባ?»

ሰነዱን መልሰን አስተካከልነው። አመሰገንናቸው ማለት ግን አይደለም፤ ትክክል የሆነን ሰው ይቅር ለማለት ጊዜ ይፈጃል።

ዘንድሮ ታላቁ ማሻሻያ መጣ። የሒሳብ ዲግሪያችን ከገበያው ጋር ይጣጣም ተባለ። የዳታ ትንተና ገባ፤ ጂኦሜትሪ ከሚሰረዙት ኮርሶች አናት ላይ ተቀመጠ። እሳቸው ደግሞ በሕይወታቸው ከጂኦሜትሪ ሌላ ያስተማሩት የለም። የስብሰባው ዕለት ሁላችንም ወገባችንን ጠበቅ አድርገን ገባን። እኔ እንኳ ለክፉም ለደጉም ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ሙዝ ይዤ ነበር።

ዲኑ አንብበው ሲጨርሱ ያ የታወቀ እጅ ተነሣ።

«ስለ ኮርሱ አይደለም» አሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ብሏል። «ዘመን አልፎበት ይሆናል፤ ይሰረዝ። የወደቁትስ?»

«የትኞቹ የወደቁት?» አሉ ዲኑ።

«እኔ የጣልኳቸው። አራት ልጆች ሌላውን ሁሉ ጨርሰው በእኔ ኮርስ ብቻ ቀርተዋል። ኮርሱ ከተዘጋ እንዴት ይመረቁ?»

«ወደ አዲሱ ፕሮግራም ይዛወራሉ።»

«ከአንደኛ ዓመት ጀምረው?»

ዲኑ ወረቀታቸውን አገላበጡ።

ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ተወሰነ፦ ከአራቱ የመጨረሻው ልጅ እስኪያልፍ ኮርሱ ይቆይ፤ ያለፈ ዕለት ይዘጋ። ስንወጣ አንድ ባልደረባዬ ጠጋ ብሎ «አየህልኝ ብልጠት! አንዱን በየዓመቱ እየጣሉ ኮርሳቸውን ዕድሜ ልክ ሊያኖሩት እኮ ነው!» አለኝ። ነገሩ ያሳምን ነበር፤ እስከ ማታ ኮሌጁን አዳረሰው።

ሊቀ ጠያቂያን ግን ልጆቹን ቁም ስቅላቸውን አሳዩአቸው። ክፍል ሲያጡ ኮሪደር ላይ፣ ኮሪደሩ ሲጠረግ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ያስጠኗቸዋል። ሦስቱ በመጀመሪያው ፈተና አለፉ። የቀረችው ደጋግማ የወደቀች፣ ሰሌዳ ፊት ስትቆም የጻፈችውን መልሳ የምታጠፋ ልጅ ነበረች።

«ጋሼ፣ እኔን ይተዉኝ በቃ፤ ጭንቅላቴ አይቀበልም» ስትላቸው በክፍሉ በር ሳልፍ ሰማሁ።

«ስለ ጭንቅላትሽ ማን ጠየቀሽ? መስመሩን ከየት ጀመርሽው? በይ እንደገና አስምሪ።»

የመጨረሻ ፈተናዋን ሲያርሙ እኔ ፊት ለፊታቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። የኋለኛዋን ገጽ ደጋግመው አነበቧት። ከዚያ ብድግ ብለው በሩን ከፈቱና ኮሪደሩን በድምፃቸው ሞሉት።

«አለፈች! ልጄ አለፈች!»

ልጅቷ ደጅ ቆማ ስትጠብቅ ነበርና አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከሄደች በኋላ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። ከነገ ጀምሮ የሚያስተምሩት ትምህርት የለም፤ ኮርሳቸውን በገዛ እጃቸው፣ እሷን ባሳለፈችው አንድ ማርክ ዘግተውታል። ያን ጊዜ እኒህን አሰልቺ ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው አወቅሁ።

ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። እንኳን ደስ አለዎት ልበል ወይስ እግዜር ያጥናዎት፣ ቸገረኝ። መላው ቢጠፋኝ ሁለቱንም አልኳቸው።

ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረግ አደረጉ።

«ሁለቱንም ተቀብያለሁ» አሉ። «ግን የደስታውን አስቀድምልኝ።»