እኔ ብሆን የሚሉት ጋሽ ኃይለልዑል

መርካቶ ውስጥ ሞተር ፈትቶ ብቻውን የሠራ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቡሎን መፍታት ከጀመርክ ተመልካች ይመጣል። ተመልካች ከመጣ ደግሞ አንዱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ብሆን…» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ግቢ የለም። ከራጉኤል ጀርባ ባለው በነሩሀማ ግቢ ይህን ሥልጣን የያዙት፣ ማንም ሳይሾማቸው ማንም ሊሽራቸውም ሳይችል፣ ክቡር የበላይ ተቆጣጣሪ ጋሽ ኃይለልዑል ናቸው።

ጋሽ ኃይለልዑል ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ሠርተዋል። ሚስማር ሲመቱ ያያቸው የለም፤ በግቢው ውስጥ ያለ እሳቸው የተመታ ሚስማር ግን የለም። የጭነት መኪና ወደ ጠባቡ መንገድ ሲገባ ከኋላ ቆመው «ና! ና! ና! ና!» የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ «በቃ!» የሚሉት ግን ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ነው። ጎረቤታቸው እትዬ ሙሉነሽ ዲሽ ያስተከሉ ጊዜ፣ «እኔ ብሆን ወደ አማኑኤል አዞረው ነበር» ብለው ሠራተኛውን አሳመኑት፤ እትዬ ሙሉነሽም ክረምቱን ሙሉ የግመል እሽቅድምድም ሲያዩ ከረሙ። ቀብር ላይ እንኳ አያርፉም። አንድ ጊዜ ጉድጓድ የሚቆፍሩትን ወጣቶች፣ «እኔ ብሆን ሰፋ አደርገዋለሁ፤ ሰውዬው ትከሻ ነበረው» ሲሏቸው፣ የሟች ሚስት በእንባዋ መሃል ቀና ብላ አይታቸዋለች።

ሩሀማ እኚህን ሰው የምትችላቸው ጥርሷን ነክሳ ነው።

ሥራዋ የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው። መኪና በማይገባበት መንደር የእጅ ፓምፕ ሲሰበር የሚደወለው ለእሷ ነው። ጎማው ጥርሳም፣ የጭቃ መከላከያው ወደ ላይ የተቀሰረ ሞተሯን አስነስታ፣ መሣሪያዋን በጀርባዋ አዝላ፣ በድንጋዩም በጭቃውም እየዘለለች ትሄዳለች። በዚያ ሳምንት ግን ሞተሩ ዳገት ላይ ከዳት። ነዳጅ ስትሰጠው ይጮሃል እንጂ አይሄድም። የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ፍሪሲዮን ተበልቶ አልቋል።

ሰኞ ደግሞ ከአዲስ ዓለም ማዶ ባለች መንደር ትጠበቃለች። ከዚያ የደወለችላት ጫልቱ የምትባል ሴት፣ «ከብቱ ከሚጠጣበት ወንዝ ነው የምንቀዳው። ልጆቹን ሆዳቸውን እየቆረጣቸው ነው። ሰኞ ትመጫለሽ አይደል?» አለቻት።

«እመጣለሁ» አለች ሩሀማ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ጆንያ አነጠፈች። ከመለዋወጫ ነጋዴው ከሰላሃዲን የገዛቻቸውን አዲስ የፍሪሲዮን ዲስኮች ሳፋ ላይ ባፈሰሰችው የሞተር ዘይት ነከረች። የእንዲህ ያለ ሞተር ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ የሚኖር ነው፤ በደረቁ ከገባ ይቃጠላል። ከዚያ ሞተሩን ግድግዳ አስደግፋ የጎኑን ክዳን መፍታት ጀመረች።

ባለ ሦስት እግር የእንጨት ዱካ መጣ። ዱካ ከመጣ ጋሽ ኃይለልዑል ከኋላው አሉ።

«እንደምን አደርሽ፣ ሩሀምዬ?»

«ደህና፣ ጋሼ። እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ብሆን የታችኛውን ቡሎን አስቀድም ነበር።»

ሩሀማ የላይኛውን ፈታች።

«በግራሽ ነው እንዴ የምትፈቺው?»

«ግራኝ ነኝ እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱማ ነሽ። እኔ ብሆን ግን…»

ሩሀማ የቡሎን መፍቻ ቁልፉን የሰው አንገት ያነቀች ይመስል ጨበጠችው።

ትንሽ ቆይተው ዓይናቸው ሳፋው ላይ አረፈ። ከዱካቸው ተነሡ።

«ምንድን ነው ይሄ? ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ?»

«መነከር አለበት፣ ጋሼ።»

«አንቺ ልጅ! ፍሪሲዮን ዘይት ነካው ማለት አለቀለት ማለት ነው! የፋብሪካችን ሾፌር ሀብተ ወልድ በዚሁ ጣጣ ዓባይ በረሃ ላይ ቆሞ አድሯል!»

«የእሱ የመኪና ነው። የመኪናው ደረቅ ነው፤ ይሄኛው ግን ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ኃይለልዑል።

ጋሽ ኃይለልዑል እሺ ካሉ መፍራት ነው። ሩሀማም ይህን መርሳት አልነበረባትም። ክዳኑ ሲወጣ ግን በክዳኑና በሞተሩ መሃል ያለው ስስ ጓርኒሲዮን ተቀደደባት፤ ሌላ ለመግዛት መውጣት ግድ ሆነ።

«ጋሼ፣ አደራ፣ ምንም እንዳይነኩ።»

«እኔ? እኔ ምን አገባኝ!»

በተሸካሚና በጋሪ መሃል እየተጋፋች ሄዳ፣ ጓርኒሲዮኑን ይዛ ተመለሰች። በሩን ገፋ እንዳደረገች ዓይኗ የልብስ ገመዱ ላይ ቀረ። በእትዬ ሙሉነሽ ነጠላና በአንድ ሱሪ መሃል፣ የፍሪሲዮን ዲስኮቿ በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው፣ በሰልፍ ተሰቅለው ውሃ ያንጠባጥባሉ። ጋሽ ኃይለልዑል እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እስከ ክርናቸው አረፋ ለብሰው፣ የሽቦ ብሩሽ ይዘው ቆመዋል። በዚያ ግቢ ውስጥ ሲሠሩ ሲታዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሚኪ የሚባል አዲስ ተከራይ አጠገባቸው ቆሞ ስልኩን ይጎረጉራል።

«ነጹልሽ!» አሉ፣ ደስታ ፊታቸውን ሞልቶት። «ዘይቱ ውስጥ ድረስ ዘልቆ ነበር። በሙቅ ውሃና በኦሞ ፈትጌ አወጣሁት።»

ሩሀማ አንዱን ዲስክ አውርዳ በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ብረቱ ላይ የተለጠፈው ሸራ እንደ ረጠበ ካርቶን ለቀቀ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ያው ነው።

«ማን ለመነዎት?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። «ማን ለመነዎት? በዚህ ግቢ ሰው አንድ ነገር በሰላም መሥራት አይችልም? እርስዎ ገብተውበት የተቃና ምን ነገር አለ? ግንቡ? ዲሹ? የራስዎ የሚሉት አንድ ሥራ የለዎትም እንዴ? ሰኞ የታመሙ ልጆች እየጠበቁኝ ነው! ምን ልበላቸው? ጋሽ ኃይለልዑል በኦሞ አጠቡት ልበላቸው?»

እትዬ ሙሉነሽ በራቸው ላይ እንደ ቆሙ ቀሩ። ጋሽ ኃይለልዑል የሽቦ ብሩሹን አዩት፤ ሳፋው አጠገብ በቀስታ አስቀመጡት። ዱካቸውን አንሥተው ገቡ።

ይበርድልኛል ብላ ነበር፤ አልበረደላትም። ወደ ሰላሃዲን ሮጠች።

«አለቀ፣ እህቴ። የወሰድሽው የመጨረሻው ነው። ማክሰኞ ተመለሽ» አላት።

ያሉትን ሱቆች ጠየቀች፤ ግማሾቹ ዘግተዋል፣ ያልዘጉትም የላቸውም። እንደ ተመለሰች ሳፋውን በእርግጫ መታችው። ዘይቱ ጫማዋ ላይ ተደፋ፤ ጭራሽ ባሰባት።

አመሻሽ ላይ የግቢው በር ተከፈተና ጋሽ ኃይለልዑል ገቡ። መውጣታቸውንም ያስተዋለ አልነበረም። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ነው። ከብብታቸው ሥር ካርቶን አውጥተው ጆንያው ላይ አኖሩ።

«ቁጥሩን አስተያዪው» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም።

ሩሀማ ካርቶኑን ከፈተች። አዲስ የፍሪሲዮን ዲስክ ነው፤ ቁጥሩም ልክ ነው። ገና ሳትዘጋው ሰላሃዲን ደወለ።

«ስሚ፣ የምን ሰው ነው የላክሽብን? የተበላሸውን ዲስክ ጣታቸው ላይ አንጠልጥለው ያልገቡበት ሱቅ የለም። ለሁሉም የዕቃ አደራደር አስተምረው ነው የወጡት! በመጨረሻ አንዱ ጋ አለ ቢባሉ፣ ሱቁ ዝግ ነው፤ አማኑኤል ድረስ ሄደው ሰውዬውን ከምሳው አስነሡት። ‹ካልከፈትክልኝ እዚሁ ደጅህ ላይ እቀመጣለሁ› ሲሉት ለመገላገል ብሎ ከፈተላቸው።»

ሩሀማ ስልኩን ዘጋችና እንደገና ተናደደች። አሁን ያናደዳት፣ እንደ ልቧ መናደድ አለመቻሏ ነበር።

ዲስኮቹ ዘይት ውስጥ አደሩ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥራ ጀመረች። አንዱን ባለ ሸራ፣ አንዱን ልሙጥ ብረት፣ እያፈራረቀች ደረደረች፤ ሞላዎቹን አስገብታ ቡሎኖቹን በየተራ አጠበቀች። ጋሽ ኃይለልዑል በራቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። በግራዋ ስታጠብቅ ዝም፤ ቡሎን ከእጇ ሲያመልጥ ዝም። አንድ ጊዜ ጉሮሯቸው ወጣ ገባ አለ፤ ዋጡት። ጸጥታው ከምክራቸው ይልቅ ሥራዋን አስቸገራት።

ክዳኑን ዘግታ፣ ዘይት ሞልታ ሞተሩን አስነሣች። ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ስትለቀው ሞተሩ እንደ ተፈታ ወይፈን ወደ ፊት ዘለለ። እትዬ ሙሉነሽ እልል አሉ። በማግስቱ ዳገቱን ያለ ማቅማማት ወጥቶ እነ ጫልቱ መንደር አድርሷታል፤ ጫልቱም ከፓምፑ ንጹሕ ውሃ ቀድታለች። በዚያው እሁድ ግን ግቢው ውስጥ ሌላ ነገር ተነሣ።

አዲሱ ተከራይ ሚኪ ቧንቧው ጋ ጫማውን እያጠበ ነበር።

«ዛሬስ ሽማግሌው አፉ ተለጎመ!» ብሎ ሳቀ። «ትናንት ልክ ልኩን ነገርሽው፣ ሩሁ። ሥራ ፈት!»

ሩሀማ ሞተሩን አጠፋች። ክዳኑን ያጠበቀችበትን ቁልፍ ከጆንያው ላይ አንሥታ ወደ እሱ ሄደች።

«ማንን ነው ሽማግሌው የምትለው? ትናንት ዲስኩ ሲታጠብ አጠገባቸው ቆመህ ስልክህን ትጎረጉር አልነበር? አንድ ቃል ተናገርክ? እሳቸው በእግራቸው መርካቶን ሲያስሱ አንተ የት ነበርክ? እሳቸው ላይ የምጮኸው እኔ ነኝ! እኔ ብቻ! ገባህ?»

ሚኪ ጀርባው ግንቡን እስኪነካ አፈገፈገ።

«ሩሀማ» አሉ ጋሽ ኃይለልዑል ከበራቸው ላይ። ከትናንት ወዲህ ድምፃቸው ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። «መጀመሪያ ቁልፉን አስቀምጪ፣ ልጄ። ብረት ይዘሽ ስትናገሪ ሰው ብረቱን ነው የሚያየው፤ ነገርሽን አይሰማም።»

እጇን አየች። እውነታቸውን ነው።

ቁልፉን አስቀመጠች። ከዚያ ሚኪን ተረጋግታ፣ ከሥር ከመሠረቱ ጀምራ ሰደበችው።