ክብርት አፈ ጉባኤ እና እንግዳቸው

ሰው ሲጠየቅ ቀድሞ የሚመልስ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። ታውቋቸዋላችሁ። «እንዴት አደራችሁ?» ስትባሉ «ጉንፋን ይዟቸዋል» ብለው የሚመልሱላችሁ እነሱ ናቸው። ክፋት የለባቸውም። ጥያቄ መሬት ላይ ወድቆ ሲያዩ አንጀታቸው አይችልም፤ ያነሱታል።

ከነዚህ ሁሉ አንደኛዋ ግን፣ ለትምህርት ባሕር ተሻግራ የመጣችን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤታቸው የተቀበሉት ሴትዮ ናቸው። ተማሪዋ በልቧ ያወጣችላቸው ስም «ክብርት አፈ ጉባኤ» ነው። በአፏ «እትዬ» ትላቸዋለች፤ እሱንም ተራ ከደረሳት።

ገና ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ እንደቆመች የቤቱ አባወራ፣ ሰዓት ሠሪው፣ «ሻይ ትጠጫለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ትጠጣለች» አሉ ክብርት አፈ ጉባኤ። «ያለ ስኳር ነው። ፊቷን አታየውም? የስኳር ሰው አይደለችም።»

ተማሪዋ አገሯ ሻይ የምትጠጣው ስኳሩ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ እስኪያቆም ድረስ ነው። ይህን የሚያስረዳ ዓረፍተ ነገር በአዲሱ ቋንቋ አዘጋጅታ ስትጨርስ ወሩ አልቆ፣ እሷም ለምዳው ነበር።

ሰዓት ሠሪው ብዙ አይናገሩም። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ከዳር አድርሰው አያውቁም ይባላል። የሚጀምሩት እሳቸው ናቸው፤ የሚጨርሱት ሚስታቸው።

ዳቦ ሻጩ ተማሪዋን «ምንድን ነው የምታጠኚው?» አላት አንድ ቀን። «ድልድይ» አሉ ክብርት አፈ ጉባኤ። የምታጠናው ስለ አፈር ነው። ዳቦ ሻጩ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ወንዙ ያማክራታል።

ጥርሷን ሲያማትም አብረዋት ሄዱ። ሐኪሙ አፏን አስከፍቶ «የቱ ነው?» ሲል፣ ክብርት አፈ ጉባኤ ከወንበሩ ጀርባ ሆነው «ከታች፣ በግራ» አሉ። እንዲህ በእርግጠኝነት ሲነገረው ሐኪም ምን ያድርግ? ጤነኛውን ጥርስ ሊሰረስር ሲል ተማሪዋ እጁን ለቀም አደረገችው።

«አየህ?» አሉት ለሐኪሙ። «በጣም አሟታል።»

እናቷ ከአገር ቤት ስትደውል ደግሞ ስልኩን ከእጇ ይቀበሏታል። ሁለቱ ሴቶች አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቁም። በየቋንቋቸው ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዳንዴም ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። በመጨረሻ ስልኩ ለተማሪዋ ሲመለስ እናቷ «እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ናት!» ትላታለች። «ስላንቺ ሁሉን ነገረችኝ። በይ ደህና ሁኚ፣ ካርዴ ሊያልቅ ነው።»

እንዲህ እያለ የቋንቋ ፈተናው ደረሰ። በጽሑፉ ጎበዝ ነበረች። በቃል ፈተናው ላይ ግን ፈታኙ «ስለ ራስሽ ንገሪኝ» ሲላት ወደ ጎን ዞር ብላ ጠበቀች። ጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ፈታኙም አብሯት ጠበቀ።

ወሬው በዩኒቨርሲቲው የእንግዳ ተማሪዎች ኃላፊ የሆነችው ሴት ጆሮ ገባ።

«ያለሽበት ቤት አፍ የሚያስፈታ አይመስልም» አለቻት። «ቅዳሜ መጥቼ አነጋግርሻለሁ። ራስሽ ካልተናገርሽ ከከተማው ማዶ ወዳለ ሌላ ቤተሰብ ትዛወሪያለሽ። እመቤቲቱም አጠገብሽ ይቀመጣሉ፤ ነገር ግን ትንፍሽ አይሉም።»

ተማሪዋ መጀመሪያ ደስ አላት። ሌላ ቤት! ሰላምታዋን ራሷ የምትመልስበት፣ ጥርሷን ራሷ የምትጠቁምበት! አርብ ከሰዓት ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። ክብርት አፈ ጉባኤ በሩ ላይ ቆመው አዩዋት። ምንም አላሉም። ያኔ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ድምፅ ተሰማ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የሰዓት ሠሪው ሰዓቶች ናቸው። ተማሪዋ እስከዚያ ቀን ድረስ የቆሙ ይመስሏት ነበር።

ቅዳሜ ኃላፊዋ መጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ክብርት አፈ ጉባኤ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተማሪዋ አጠገብ ተሰየሙ።

«እዚህ ቤት ተመችቶሻል?» አለች ኃላፊዋ።

ተማሪዋ እንደ ልማዷ ወደ ጎን ዞረች። የክብርት አፈ ጉባኤ ዓይን ፈጥጧል፣ አንገታቸው ቀልቷል። መልሱ ጉሮሯቸው ላይ መጥቶ መቆሙ ይታያል። ዋጡት። እንባቸው መጣ።

ሰዓት ሠሪው ነገሩን ለማብረድ «ምናልባት ሻይ…» ብለው ጀመሩ። የሚጨርስላቸው ሲያጡ ደንግጠው ሚስታቸውን አዩ።

ኃላፊዋ ተስፋ ቆርጣ ወደ እመቤቲቱ ዞረች። «እርስዎስ? እንድትቆይ ይፈልጋሉ? አሁን መናገር ይችላሉ።»

ክብርት አፈ ጉባኤ መሐረቡን አነሱ። አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ስለ ራሳቸው ተጠይቀው መልሰው አያውቁም ነበር።

«ይፈልጋሉ» አለች ተማሪዋ።

«እሳቸውን ነው የጠየቅኳቸው።»

«አውቃለሁ። ይህን ግን አይመልሱትም። ልጃቸው አግብታ ከወጣች ወዲህ ቤቱ ጭር ሲል ይፈራሉ። ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሰው ሲጠይቃቸው ‹እሷን ነው የሚያማት› ይላሉ፣ እኔን! የእኔ ጉልበት ደህና ነው። ዛሬ ቁርስ አልበሉም። ከትናንት ጀምሮ አላወሩም። እንዳልሄድ ብለው ነው እንጂ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ይህ ዝምታ ያሳምማቸዋል፣ እባክሽ ይናገሩ በያቸው…»

ሰዋስዉን እየሰባበረች ነበር፤ ግን አላቆመችም። ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እሺ፣ የእሳቸውን ሰማሁ» አለች። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እሷማ…» አሉ ክብርት አፈ ጉባኤ።

«እትዬ!» አለች ተማሪዋ። «ይቺን እንኳ እኔ ልመልሳት።»

ክብርት አፈ ጉባኤ መሐረቡን ወደ አፋቸው መለሱት።

«እዚሁ ነው የምቆየው» አለች።

ክብርት አፈ ጉባኤ ወደ ኃላፊዋ ጠጋ አሉ።

«እዚሁ ነው የምትቆየው» አሏት፣ ምናልባት ካልሰማች ብለው።